ለሥራ ጀርመን ገባሁ፤ ወረቀቱን ከየት ልጀምር?

ጥያቄውን የለጠፈው በቅርቡ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት የገባ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። በብሉ ካርድ፣ ማለትም ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች በሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሥራ አግኝቶ ነው የመጣው። ሚስቱ ገና አገር ቤት ናት። ጽሑፉ ከጥያቄ ይልቅ ክስ ይመስላል። አከራይ የባንክ ሒሳብና የደመወዝ ወረቀት አምጣ ይለዋል። ባንኩ የተመዘገበ አድራሻ ይለዋል። ምዝገባው ያለ ቤት አይሆንም። መሥሪያ ቤቱ የግብር መለያ ቁጥሩን ይጠብቃል፤ እሱም የሚላከው ለተመዘገበ አድራሻ ነው። ስለዚህ ይሄ መግቢያ የሌለው ክብ ነው፣ የውጭ ሰው እንዲሰለች ታስቦ የተሠራ ነው ብሎ ደመደመ። እናንተስ በየት በኩል ሾልካችሁ ገባችሁ ሲል ጨረሰ።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደረው የመልስ ሰንሰለት፣ እስከ መልስ 35 ሄደ። ዋና ዋናውን በየተራው እነግራችኋለሁ። የተደጋገመውን እዘላለሁ፤ ሐሳቤንም ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1 ኮሎኝ ከምትሠራ ነርስ ነው። እንኳን ደህና መጣህ ካለችው በኋላ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባች። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአድራሻ ምዝገባው፣ አንሜልዱንግ በሚሉት ላይ እንደሆነ ነገረችው። ሰው ቤት በገባ በ2 ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ፓስፖርት፣ የሚሞላ ቅጽና አከራዩ የፈረመበት የማረጋገጫ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ የኪራይ ውል ብቻ ይዘው ሄደው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የሚፈለገው ውሉ አይደለም። አከራዩ እገሌ በዚህ ቀን ገብቷል ብሎ የሚፈርምባት አንዲት ገጽ ናት። ይህች ገጽ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2015 ጀምሮ ግዴታ ሆናለች።

መልስ 2 በጣም አጭር ነው፤ ለእኔ ግን ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ፈራሚው የግድ የሕንፃው ባለቤት መሆን የለበትም። ክፍል ያከራየህ ዋናው ተከራይም መፈረም ይችላል። እንግዲህ ጠያቂው ክብ ያለው ነገር እዚህ ጋ ይከፈታል። መጀመሪያ የሚፈለገው በስምህ የተከራየኸው ቤት አይደለም። የምትተኛበትና የሚያስመዘግብህ አንድ ክፍል ይበቃል። ክፍያ ከመላክህ በፊት መመዝገብ ይቻላል ወይ ብለህ ጠይቅ። አይቻልም ካሉህ ክፍሉ ምንም ቢያምር ተወው።

መልስ 3 በርሊን ያለች ልጅ ናት። ቀጠሮ በ2 ሳምንት ውስጥ ይገኛል የሚል ካለ ያሳየኝ ብላ ተነሳች። መልስ 4 ለብስጭቷ ጥሩ መድኃኒት ሰጣት። በርሊን ውስጥ የምትኖሪበት ወረዳ ብቻ አይደለም፣ የትኛውም ወረዳ ያለ የዜጎች ቢሮ ይመዘግብሻል። ሰው የሰረዘው ቀጠሮ ጠዋት ላይ ድረ ገጹ ላይ ብቅ ይላል። የመንግሥት ቢሮዎች መረጃ ወደሚሰጥበት 115 ደውሎ መጠየቅም ይቻላል። ቀጠሮው ቢዘገይም በጊዜ እንደፈለግሽ የሚያሳየውን ማረጋገጫ አትሚና ያዢ አላት። ልጅቷ አመስግና ወጣች።

መልስ 5 በደርግ ጊዜ የመጡ አባት ናቸው። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ሌላ ጀርመን ነው። ያኔ አገሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ሐበሻ ለማየት ከተማ ያቋርጡ ነበር። የዛሬ ልጆች ኢንተርኔት እያላችሁ ታማርራላችሁ የሚል ነገር ጣል አደረጉ። መልስ 6 ታዲያ አላሳለፋቸውም። ያ ዘመን አለፈ፣ አንተ በነበርክበት ጊዜ ቤት በቀላሉ ይገኝ ነበር ብሎ መለሰ። መልስ 7 ስለ ቤት አንድ ቃል ሳይናገር አባትን አንተ አይባልም ብሎ ገሠጸው። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም ምንም አይደለም ብለው መረቁት። ከጉዳዩ ውጭ ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

መልስ 8 ክሩን አጋጋለው። አንድ ሰው አድራሻ በገንዘብ የሚሰጥ አውቃለሁ፣ በውስጥ መስመር አናግረኝ ብሎ ለጠፈ። መልስ 9 ይሄ ማጭበርበር ነው አለው። መልስ 10 ሁሉም ያደርገዋል፣ ግብዝ አትሁኑ ብሎ ለሰውየው ቆመ። መልስ 11 በቁጣ መጣ። በሕጉ ሰው ሳይኖርበት አድራሻ የሚሰጥ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። የተመዘገበውም አያመልጥም። ቪዛው ገና ወደ ካርድ ያልተቀየረ ሰው በሐሰት አድራሻ ፋይል መክፈቱ ራሱን በራሱ ማሰር ነው አለ። በዚያ ላይ ደብዳቤህ ሁሉ የሚሄደው የማታውቀው ሰው ሳጥን ውስጥ ነው። የክሩ አስተባባሪ መልስ 8ን አጠፋው። መልስ 11 ቃላቱ ሻካራ ቢሆኑም እኔ ከእሱ ጋር ነኝ። ችግሩን አውቃለሁ፤ ቤት የለም። ግን በዚህ መንገድ የሚቆጠበው ጥቂት ሳምንት ነው፣ የሚያዘው ደግሞ ሙሉ ፋይሉ ነው።

መልስ 12 ሽቱትጋርት ከሚኖር ባለትዳር ነው። ሚስቱ ስትመጣ በደንብ አስመዘገባት። ሆኖም ለእሷ የተላከ ደብዳቤ አንድም አልደረሰም። የጤና መድን ካርዷም፣ የመኖሪያ ካርዷ የሚስጥር ቁጥርም ወደ ላኪው ተመለሰ። ምክንያቱ የፖስታ ሳጥኑ ነው። ጀርመን ውስጥ ሕንፃው ቁጥር አለው፤ በውስጡ ያሉት ቤቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው ቁጥር የላቸውም። ፖስተኛው የሚያየው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ነው። እኛ አገር ሚስት ካገባች በኋላም የአባቷን ስም እንደያዘች ትቀራለች። ሳጥኑ ላይ የነበረው የባል ስም ብቻ ነበር። ፖስተኛው እንዲህ የምትባል ሰው እዚህ የለችም ብሎ መለሰ። እሷንም በስሟ ለጠፏት፣ ነገሩ ተስተካከለ። አንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት በሁለት የቤተሰብ ስም መኖራቸው ለጀርመን ጎረቤት ግር ሊለው ይችላል። ስለዚህ የጋብቻ ወረቀቱ ትርጉም ቅጂ ሁሌ እጅ ላይ ይኑር ብሎ መከረ።

መልስ 13 በዚህ ላይ ተንተርሳ ስለ ስም አጻጻፍ አነሳች። ዲግሪዋ ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርቷ ላይ ሦስት ስም አለ። ቅድስት የሚለው ስሟ አንዱ ወረቀት ላይ በኬ፣ ሌላው ላይ በኪው ተጽፏል። መሥሪያ ቤቷ የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ላከ፣ ምዝገባው ደግሞ የአያቷን ያዘ። የጤና መድን ድርጅቱ ለአንድ ሰው ሁለት ፋይል ከፈተ። እስኪዋሐዱ ድረስ ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር ንትርክ ነበር። ምክሯ ግልጽ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ያለውን ያዝ፤ ውል ላይም፣ ባንክም፣ የፖስታ ሳጥን ላይም እሱኑ ጻፍ። ለአሠሪው በኢሜል የላክኸው ስም ከፓስፖርቱ ከተለየ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት አስተካክል። ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ያየኋቸው የጀርመን መመሪያዎች ይህን አያነሱትም። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው ስለማይመጣባቸው ይመስለኛል።

መልስ 14 የጋብቻ ምስክር ወረቀት ላይ ያለውን የኛን ዓመት 8 ጨምሮ መለወጥ ነው አለ። መልስ 15 አረመው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው፤ ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ነው 8 የሚሆነው። በኅዳር ያገባ ሰው 8 ከጨመረ ትዳሩ አንድ ዓመት ያንሳል። ደግሞም ትርጉሙ የሚሠራው ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ነው እንጂ በጓደኛ አይደለም። እኔም አንድ ነገር ልጨምር፤ ተርጓሚውም ሰው ነውና ቀኖቹን ከቢሮው ሳትወጡ ራሳችሁ አስሉ።

መልስ 16 ከዚሁ ተነስቶ ሚስት ለመምጣት መጀመሪያ ኤ1 የሚባለውን የጀማሪ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ አለባት ብሎ ጠያቂውን አስደነገጠው። መልስ 17 ሰውየው በብሉ ካርድ ነው የመጣው፣ የብሉ ካርድ ባለቤት ሚስት ከዚያ ፈተና ነፃ ናት ብሎ መለሰ። ትክክል ነው። ኤ1 የሚጠየቀው በሌሎች ብዙ የፈቃድ ዓይነቶች ነው። ሰው የራሱን ጣጣ የሁሉም ያደርገዋል፤ ክር ስታነቡ መጀመሪያ ጸሐፊው በምን ፈቃድ እንደገባ እዩ።

መልስ 18 ባንክን ይመለከታል። አንድ ወጣት የመኖሪያ ካርድ ካልያዝክ ባንክ አይከፍትልህም አለ። መልስ 19 እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ያለ ሰው ሁሉ መሠረታዊ ሒሳብ የማግኘት መብት አለው ብሎ አስረዳ። ባንኩ ቅጹን ከተቀበለ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ተራ ሒሳብ ስትጠይቅ ካልተሳካ ያንን ቅጽ በስሙ ጠርተህ ጠይቅ፣ ባዚስኮንቶ ይባላል አለ። የመልስ 18 ወጣት መብትና ተግባር ለየቅል ናቸው ብሎ አንገራገረ። እውነት አለው። ባንኮኒ ላይ ያለው ሠራተኛ ሁሌ አያውቀውም።

መልስ 20 ጠያቂው ራሱ ነው። የግብር ቁጥሬ ካልደረሰ የመጀመሪያ ደመወዜ ግማሹ ይቆረጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለ 11 አኃዙ ቁጥር ከተመዘገቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት በፖስታ ይመጣል። መልስ 21 ያለ ቁጥሩ ስድስተኛው የግብር ምድብ ይጫንብሃል፣ እሱ ከሁሉ የከበደው ነው አለ። መልስ 22 ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ለዘብ አደረገችው። መዘግየቱ የሠራተኛው ጥፋት ካልሆነ አሠሪው እስከ 3 ወር በተለመደው ምድብ ማስላት ይችላል። ቢቆረጥም ቁጥሩ ሲመጣ ይታረማል። አንድ ነገር ግን እንዲያውቅ ፈለገች። ሚስቱ ኢትዮጵያ እስካለች ድረስ ያገባ ቢሆንም እንደ ላጤ በአንደኛው ምድብ ነው የሚቆረጥበት። እሷ መጥታ ስትመዘገብ ይለወጣል።

ከመልስ 23 እስከ መልስ 27 ያለውን ሳነብ ሻይ አፈላሁ። የምዝገባ ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚል ቦታ አለ። ምን ልጻፍበት ተባለ። መልስ 23 ባዶውን ተወው፣ ከደመወዝህ 9 በመቶ ይወስዳሉ አለ። መልስ 24 ለገንዘብ ብሎ እምነቱን የሚሸሽግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብላ ተቆጣች። መልስ 25 ዘመንሽን ሁሉ ክፈይ ብሎ አሾፈባት፤ ያስፈልግ አልነበረም። መልስ 26 ሁለቱንም ዝም የሚያሰኝ ነገር ይዞ መጣ። መጀመሪያ፣ 9 በመቶው ከደመወዝ አይደለም። ከገቢ ግብሩ ላይ ነው። በወር 500 ዩሮ የገቢ ግብር የሚከፍል ሰው የቤተ ክርስቲያን ግብሩ 45 ዩሮ ነው። ባየርንና ባደን ቩርተምበርግ በሚባሉት ክልሎች ደግሞ 8 በመቶ ነው። ሁለተኛ፣ ግብሩ በዋናነት የሚሰበሰበው ለካቶሊክና ለወንጌላዊት አብያተ ክርስቲያናት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እዚያ ውስጥ የለችም። ኦርቶዶክሱ በኩራት ኦርቶዶክስ ብሎ ይጻፍ፤ የሚቆረጥበት ነገር የለም። መልስ 27 ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ሰው ነው። ወንጌላዊ ብሎ ጻፈ፤ ደመወዝ ወረቀቱ ላይ መቆረጡን ያየው በኋላ ነው። የጀርመኑ ቤተ ክርስቲያን አባል አድርጎ ቆጥሮት ኖሯል። ሲወያይ ቆይቶ መክፈሉን ቀጠለ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ለአማርኛው ጉባኤ አዳራሽ ስለሚሰጥ ገንዘቡ አይቆጨኝም ብሏል። ከዚያ በኋላ ማንም አልተሳደበም።

መልስ 28 ፍራንክፈርት ውስጥ ጤፍ የት እንደሚሸጥ ጠየቀች። ሁለት ሰው መለሰላት። ቁጥር ያልሰጠኋቸው ጉዳዩ ስላልሆነ ነው።

መልስ 29 የጤና መድን ነው። አንድ ሰው ደመወዝህ ጥሩ ከሆነ የግሉን መድን ግባ፣ ርካሽ ነው፣ ቀጠሮም ቶሎ ታገኛለህ አለ። መልስ 30 ኮሎኝ ያለችው የመልስ 1 ነርስ ናት፤ በዚህ ጊዜ ለዛዋን ትታዋለች። ልጅ ሊወልድ ያሰበ ሰው ይህን አይምከር አለች። በሕዝባዊው መድን መሠረቱ ከደመወዝ 14.6 በመቶ ነው፣ መድን ድርጅቱ ተጨማሪ ይደርብበታል፤ ግማሹን አሠሪው ይከፍላል። ገቢ የሌላት ሚስትና ልጆች በነፃ ይካተታሉ። በግሉ ግን እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ክፍያ አለው። ከ55 ዓመት በኋላ ወደ ሕዝባዊው መመለስ ደግሞ የማይቻል ያህል ነው። ለግሉ ለመብቃት ገቢው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 በዓመት ከ73,800 ዩሮ በላይ መሆን ነበረበት። ወጣት ላጤን የሚያማልል ነገር ባለትዳርን ይጎዳል። እሷ የተናገረችው በየቀኑ ከታማሚ ጋር ስለምትውል ነው፤ እኔም እሷን እሰማለሁ።

መልስ 31 የብሮድካስት ክፍያ፣ ማለትም የሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ፣ ደብዳቤ አጭበርባሪ የላከው መስሎት ቅርጫት ውስጥ የጣለ ልጅ ነው። ቴሌቪዥን ስለሌለው አይመለከተኝም ብሎ ነበር። ክፍያው በቤት ነው የሚቆጠረው፣ በወር 18.36 ዩሮ፤ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም። ማስጠንቀቂያው ተደራርቦ ዕዳው ቅጣት ጨመረ። አብሮት የሚኖረው ሰው ሲከፍል እንደነበር ያወቀው በመጨረሻ ነው። ለአንድ ቤት አንድ ሰው ከከፈለ ይበቃል፤ የከፋዩን ቁጥር ጽፎ መላክ ብቻ ነበር። ደብዳቤ አለመክፈት እዚህ አገር ከሁሉ ይበልጥ ያስከፍላል።

መልስ 32 ስለ መኖሪያ ካርዱ ጻፈ። የመግቢያ ቪዛው ሳያልቅ ማመልከት ነው ዋናው። ቪዛህ ሳያልቅ ካመለከትክ ውሳኔ እስኪመጣ በነበረህ መብት ትቆያለህ፤ ቢሮው የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት ይህን ያሳያል። ጠያቂውም ጀርመንኛውን ከአሁኑ ይጀምር፤ የብሉ ካርድ ሰው መካከለኛውን የቋንቋ ደረጃ ቢ1 ከያዘ በ21 ወር፣ ኤ1 ብቻ ከያዘ በ27 ወር የቋሚ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። የሚቆጠረው የጡረታ መዋጮ የተከፈለበት ወር ነው። ስለዚህ የደመወዝ ወረቀት አይጣልም።

የመጨረሻዎቹ ሦስት መልሶች ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ላይ ተጣሉ። መልስ 33 ለወላጆች የሚላክ ገንዘብ ዓመታዊው የግብር መግለጫ ላይ ይታሰባል ብሎ አበሠረ። ለኢትዮጵያ የሚፈቀደው ከጀርመኑ ጣሪያ አንድ አራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ተረጂ ቢበዛ 3,024 ዩሮ መሆኑ ነው። መልስ 34 በእጅ የሚላከውስ አለ። በሰው እጅና በጥቁር ገበያ የሚልኩ ሁሉ ልባቸው እንደተነሳ ያስታውቃል። መልስ 35 በሩን ዘጋው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የሚታሰበው በባንክ የተላለፈ ገንዘብ ብቻ ነው። ደግሞም ወላጅ፣ ልጅና የትዳር ጓደኛ እንጂ ወንድምና እህት አይቆጠሩም። የእህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚችል ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አይከብድም፤ መልስ 34ም ብሎታል፤ አስተባባሪው ቆረጠው። ብር በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በባንክ መላክ እንደ ድሮው ያን ያህል አይጎዳም ብሎ ሊያባብለው የሞከረም ነበር። ለወላጅ የሚልክ ሰው የባንኩን ደረሰኝ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአንድ ፋይል ያስቀምጥ። ግዴታ የሌለበት ሰው መግለጫውን ለማስገባት 4 ዓመት ጊዜ አለው፤ ግዴታ ያለበት ግን በተከታዩ ዓመት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው፣ በፈረንጆቹ።